በምጣድና በካርድ ክፍል መካከል፦ የአንዲት እንጀራ ጋጋሪ የማህፀን በር ምርመራ እንዴት ስድስት ዓመት ዘገየ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በአዲስ አበባ በአንድ ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ውስጥ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በሩብ ዓመት ሪፖርታችን ላይ ያለ አንድ ዓምድ ነው። ዓምዱ «ያልተመረመሩበት ምክንያት» ይላል። ከሥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው «የግንዛቤ ማነስ» የሚል ነው፤ ለመጻፍ አጭር ነው፣ ማንንም አያስከፋም፣ ጥፋቱንም ሪፖርቱን ከሚጽፈው ሰው ያርቃል። ከዚህ በታች ጉዳይዋ የተጻፈው ሴት ለስድስት ዓመታት የተቆጠረችው ከዚያ ዓምድ ሥር ነበር።

ጽሑፉ የተዘጋጀው በእሷ ፈቃድ ነው። ስሟ፣ ሰፈሯና የጤና ጣቢያው ስም አልተጠቀሱም፤ ማንነቷን ሊጠቁሙ የሚችሉ ጥቂት ዝርዝሮችም ተለውጠዋል።

የሴትየዋ ኑሮ

ወይዘሮዋ ምርመራውን ባደረገችበት ጊዜ 37 ዓመቷ ነበር። ሁለት ልጆች አሏት። ባለቤቷ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና የሚነዳ ሹፌር ሲሆን በወር ሁለት ጊዜ ያህል ቤት ይገባል። የስኳር ሕመምተኛ የሆኑት አማቷ አብረዋት ይኖራሉ። መተዳደሪያዋ እንጀራ ነው፤ ለሦስት ምግብ ቤቶችና ለአንድ መለስተኛ ሆቴል በቀን 200 ያህል እንጀራ ታቀርባለች።

ይህን ያህል እንጀራ በሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለማውጣት አምስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥታ ምጣዱን ትለኩሳለች፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትጨርሳለች፤ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ደግሞ ለደንበኞቿ ታደርሳለች። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት ሊጥ ነው። ሊጥ ለመብሰል ሁለት ሦስት ቀን ስለሚፈልግ በቤቷ ሁልጊዜ የተለያየ ቀን ሊጥ አለ፤ የአንዱን ውኃ ትቀልሳለች፣ ለአንዱ አብሲት ትጥላለች፣ ሌላውን አዲስ ታቦካለች። ጤፍ የሚገዛበትና ወፍጮ ቤት የሚኬድበት ቀንም አለ። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ትተኛለች። 10 ሰዓት ላይ ትንሹን ልጅ ከትምህርት ቤት ታመጣለች። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ እንደገና ትተኛለች።

ሌሊት መብራት ከጠፋ ይህ ሁሉ ይዛባል። ጋገራው ወደ ጠዋት ይገፋል፤ ደንበኛ ይቆጣል። ከዚህ በፊት አንድ ምግብ ቤት ሁለት ጠዋት ብታረፍድበት ሌላ ጋጋሪ ይዞ ቀርቷል። የተጻፈ ውል የለም፤ ያላት ዋስትና ጠዋት በሰዓቱ መድረሷ ብቻ ነው። ተቀጣሪ ብትሆን ኖሮ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ገና በመጀመሪያው የሥራ ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይኖራት ነበር። የራሷ ቀጣሪ በመሆኗ ግን ፈቃድ የምትጠይቀው ሰው የለም፤ አንድ ጠዋት ስትቀር የምታጣው የዚያን ቀን ገቢ ብቻ ሳይሆን ደንበኛውን ጭምር ሊሆን ይችላል።

ምርመራው የሚጠይቀው

የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። መነሻው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ ከዓይነቶቹ 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ለበሽታው 70 በመቶ ያህል ድርሻ አላቸው። ቫይረሱ አብዛኛዎቹን ሴቶች በሆነ ወቅት ይነካል፤ በአብዛኛዎቹም ላይ በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ በሚቀርባቸው ሴቶች ላይ የሚታየው ለውጥ ወደ ካንሰር ለመድረስ በተለምዶ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ኖሮ ሕክምና ባልጀመሩ ሴቶች ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ምርመራው የሚጠቅመው በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ነው፤ ለውጡ ካንሰር ሳይሆን ተገኝቶ በቀላሉ ይወገዳል። ችግሩ በዚያ ጊዜ ሁሉ ሕመም፣ ደምም ሆነ ሌላ ምልክት አለመኖሩ ነው።

በአገራችን ክትባቱ ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም ነው፤ በዚያን ጊዜ የተከተቡት 14 ዓመት የሞላቸው ልጆች ነበሩ። በወይዘሮዋ ዕድሜ ላሉ ሴቶች ያለው መከላከያ ምርመራው ነው። ጤና ጣቢያዎች በዋናነት የሚመረምሩት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ሲሆን፣ በብዛት የሚሠራበት ዘዴም የማህፀን በርን በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው። ይህ አሲድ እቤታችን የምናውቀው አቼቶ ዋና ንጥረ ነገር ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነው ፈሳሽ ከተቀባ በኋላ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፤ ጤናማ ያልሆነው ቦታ ካለ ነጣ ብሎ ይታያል። ውጤቱ እዚያው ይነገራል፤ ላቦራቶሪም ሆነ የሳምንት ጥበቃ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የኤች ፒ ቪ የዘረመል ምርመራን ያስቀድማል፤ እሱ በሌለበት በዚህ ዘዴ በየሦስት ዓመቱ መመርመርን ይመክራል።

አልጋው ላይ የሚወስደው ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ለሴቶች የምንነግራቸውም ይህንኑ ነው፦ «አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ አታካብዱት።» ለዚህች ሴት ግን የምርመራው ዋጋ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሆን አንድ ሙሉ ጠዋት ነበር።

በካርዶቹ ላይ የተገኘው

ስለ ምርመራው ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገራት በ31 ዓመቷ ነው፤ ትንሹን ልጅ ለዘጠኝ ወር ክትባት ባመጣችበት ቀን። «እሺ፣ እመጣለሁ» ብላለች። ከዚያ በኋላ በካርዷ ላይ ደጋግሞ የሚታየው «ምክር ተሰጥቷል» የሚል ማስታወሻ ነው።

ታሪኩን ለማወቅ የእሷን፣ የልጇንና የአማቷን ካርዶች አንድ ላይ አስወጥተን አየናቸው። ይህ ከሥራችን ሁሉ ብዙ ያስተማረን ነገር ሆኖ ተገኘ። ወይዘሮዋ በየሦስት ወሩ ለወሊድ መከላከያ መርፌ ትመጣለች። በየወሩ የአማቷን የስኳር መድኃኒት ለመውሰድ ትመጣለች። በመካከል የልጅ ትኩሳት፣ የልጅ ጉሮሮ አለ። ጤና ጣቢያውን ያልረገጠችበት ወር የለም ማለት ይቻላል። እኛ «አልመጣችም» ብለን ስንጽፍ እሷ ከምርመራ ክፍሉ ጥቂት በሮች ርቃ አግዳሚ ላይ ተራ ትጠብቅ ነበር።

ታዲያ ለምን አልገባችም? የምርመራ ክፍሉ የሚሠራው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ብቻ ነበር፤ ሥልጠና የወሰደችው ነርስ በቀሩት ቀናት ማዋለጃ ክፍል ትመደባለችና። ወይዘሮዋ ደግሞ የምትመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ለመመርመር ከመጣች በካርድ ክፍል ተሰልፋ፣ በልየታ ክፍል አልፋ፣ እንደገና ለምርመራ መሰለፍ አለባት፤ ለመርፌውም በሌላ ወረፋ።

አንድ ጊዜ ጠዋቱን መሥዋዕት አድርጋ መጥታ ነበር። የልየታ ክፍሉ ሠራተኛ የወር አበባ ላይ መሆኗን ጠይቆ «ትንሽ አለኝ» ስትል ሳትታይ መልሷታል። የሦስት ወር መርፌ በሚወስዱ ሴቶች ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ ጊዜውን ያልጠበቀ ጥቂት ደም መታየቱ የተለመደ ነው። የማህፀን በር በግልጽ እስከታየ ድረስ እንዲህ ያለው ጠብታ ምርመራውን አያግደውም፤ የሚያግደው በዝቶ የሚፈስ ደም ነው። ይህን የሚወስነው አልጋው አጠገብ ያለችው ባለሙያ እንጂ በሩ ላይ ያለው ሰው መሆን አልነበረበትም። በዚያ ቀን መርፌውን ተወግታ ሄደች፤ ሁለተኛ ጠዋት ለመስጠት ግን አልደፈረችም።

ፍርሃት አልነበረባትም ማለት አይደለም። ክፍሉ በር ከተከፈተ ከኮሪደር የሚያሳይ መሆኑን ሰምታለች። ወንድ ባለሙያ ቢገጥመኝስ የሚል ሥጋትም ነበራት። በሽታውን ግን አሳምራ ታውቀዋለች። የጎረቤቷ እናት በዚሁ ካንሰር ታመው ለጨረር ሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲመላለሱ አስታምማቸዋለች፤ ያኔ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ወረፋውን አይታለች፣ ሥቃዩን አይታለች፣ ቀብር ቆማለች። ይህችን ሴት «ግንዛቤ አነሳት» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

የተሞከረውና ያልሠራው

መጀመሪያ የሞከርነው ስልክ መደወል ነበር። በሥራ ሰዓት፣ ባብዛኛው እኩለ ቀን አካባቢ እንደውላለን፤ ስልኳ ዝግ ነው። በመዝገቡ ላይ «አልተገኘችም» ተብሎ ይሞላል። ሌሊቱን የሠራ ሰው በዚያ ሰዓት እንደሚተኛ የጠየቀ አልነበረም።

ሁለተኛው በራሪ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ተቀብላ አንብባዋለች። አንብባ ያልተረዳችው ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው የእሑድ ዘመቻ ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን በወረዳው አዳራሽ ድንኳን አስተክለው፣ አልጋና መጋረጃ አዘጋጅተው ብዙ ሴቶችን አስመርምረዋል፤ ዘመቻው በራሱ የሚደነቅ ነበር። እሑድ ግን ለእንጀራ ጋጋሪ የዕረፍት ቀን አይደለም። የሠርግ፣ የማኅበርና የተዝካር ትእዛዝ የሚበዛው ቅዳሜና እሑድ ነው። የቢሮ ሠራተኛን ቀን መቁጠሪያ ይዘን ለሁሉም ሴት ቀን ቆረጥን።

የሠራው

ለውጡ የመጣው በአንድ የመርፌ ቀን ነው። ስለ በሽታው መናገሩን ትቼ «ቀንሽን ንገሪኝ፤ ከሌሊት ጀምረሽ» አልኳት። ሳቅ ብላ፣ «ሲስተር፣ የእኔ ቀን ተወርቶ አያልቅም» አለች፤ ከዚያ ነገረችኝ። ከላይ የጻፍኩት ያን ጊዜ የተነገረኝ ነው። በየሰዓቱ እየከፋፈልን በካርዷ ጀርባ ላይ ጻፍነው። ክፍት ሆኖ የተገኘው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ለእሷ ቤት ክፍት ማለት ደግሞ ሌላ የሚሠራ ሰው ሲገኝ የሚለቀቅ ማለት ነው።

ከዚያ ስለ ወራቱ ጠየቅኳት። በዓላት ሲቃረቡ መተንፈሻ እንደሌላት፣ በሁዳዴ ግን ሠርግ ስለማይደረግ ትእዛዝ ቀለል እንደሚል ነገረችኝ። የሚቀጥለው የመርፌ ቀኗ የሚውለው ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ ሩጫው በሚጀምርበት ጊዜ ነበር። የሦስት ወር መርፌ ከቀኑ እስከ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሊሰጥ ይችላል። እስከ አራት ሳምንት ዘግይቶም ይሰጣል። ሁለት ሳምንት ማስቀደም ግን ለዚያ ዙር አልበቃም። ስለዚህ ሁለተኛውን ቀጠሮ ተመለከትን፦ የአማቷን የስኳር መድኃኒት። እሱ በየወሩ አለ፤ ከሁዳዴው ሁለተኛ ሳምንት ላይ ይውላል። ምርመራውን ለብቻው ቀን ሳንፈልግለት ከዚያ ቀጠሮ ጋር አያያዝነው። በአማቷ የቀጠሮ ወረቀት ላይ፣ ከመድኃኒቱ ስም ሥር፣ በቀይ እስክሪብቶ ተጻፈ። ይህ ወረቀት በቤቱ ውስጥ ጨርሶ የማይረሳ ወረቀት ነው፤ አማቷ እንደ ዳዊታቸው ነው የሚጠብቁት።

ይህ ብቻ አልበቃም፤ ጤና ጣቢያውም መለወጥ ነበረበት። ከኃላፊዎች ጋር ተነጋግረን በሳምንት አንድ ቀን ምርመራው ከሰዓት በኋላ እንዲሰጥ ተስማማን። እንቅፋት የሆነው የሰው እጥረት ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። ዋናው እንቅፋት ግን የመመርመሪያ መሣሪያው ነበር፤ የማህፀን በርን ከፍቶ የሚያሳየው መሣሪያ ብዛቱ ትንሽ ስለሆነ ጠዋት ላይ ያልቃል፤ ታጥቦና በሙቀት ተቀቅሎ የሚመለሰውም በማግስቱ ነው። የጽዳት ሠራተኞቻችን የመቀቀያውን ሰዓት ወደ እኩለ ቀን ሲያመጡት ነገሩ ተፈታ። ከዚህ ውይይት በፊት ጥያቄውን ለእነሱ ያቀረበ ሰው አልነበረም። በተጨማሪም በጤና ጣቢያው ለሌላ አገልግሎት ካርድ ያወጣች ሴት በዚያው ካርድ እንድትመረመር፣ ሁለተኛ ወረፋ እንዳይኖር ተወሰነ። አልጋው ዞሮ ግርጌው ወደ ግድግዳ ሆነ፤ መጋረጃም ተሰቀለ። ወጪው የመጋረጃው ብቻ ነው።

የቀረው የቤቷ ሥራ ነው። በሰፈሯ ሌላ እንጀራ ጋጋሪ አለች፤ በአንድ እቁብ ውስጥ ናቸው። ወይዘሮዋ ራሷ ሄዳ ነገረቻት። የዚያን ቀን ሊጡን ጎረቤቷ ልታቦካላት፣ ልጁንም ከትምህርት ቤት ልታመጣላት፣ በተራዋ ደግሞ ወይዘሮዋ ለእሷ እንዲሁ ልታደርግላት ተስማሙ። የገጠር ሰው ወንፈል የሚለው ነው። ሁለተኛዋ ጋጋሪም በሌላ ሳምንት መጥታ ተመረመረች፤ ይህንን ያቀድነው እኛ አይደለንም።

ውጤቱና ያልታሰበው መሰናክል

በቀጠሮው ቀን መጣች። የአማቷን መድኃኒት ወሰደች፤ ወደ ምርመራ ክፍሉ ገባች። የምርመራ ክፍሉ ነርስ ከመንካቷ በፊት የምታደርገውን እያንዳንዱን ነገር ነገረቻት፤ መሣሪያውንም አሳየቻት። ፈሳሹ ተቀባ፣ ደቂቃው ተጠበቀ። በማህፀን በሯ ላይ ጠርዙ የለየ ነጭ ቦታ ታየ።

ይህ ካንሰር ማለት አይደለም፤ ካንሰር የሚጠረጠርበት መልክ አልነበረውም። ወደፊት ወደዚያ ሊያመራ የሚችል ለውጥ ነው፤ በዚያው ቀን ሊወገድ ይችላል። ለውጡ ሙሉ በሙሉ የሚታይ ከሆነና ወደ ማህፀን በር ቦይ ውስጥ ካልገባ ሁለት መንገድ አለ፦ በጋዝ አቀዝቅዞ ማጥፋት ወይም በሙቀት ማቃጠል። በሙቀት የሚሠራው መሣሪያ ጫፉ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ ቦታው ላይ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያህል ይያዛል። ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም፤ ሕመሙም የወር አበባ ቁርጠትን ይመስላል።

የአገልግሎቱ ጥቅም ሁሉ ያለው በዚህ ነው፦ አይቶ እዚያው ማከም፣ ሴትየዋን ሁለት ጊዜ አለማመላለስ። በዚያን ቀን ግን የሙቀት መሣሪያችን ለጥገና ሄዷል። የቅዝቃዜው መሣሪያ አለ፤ ጋዙ አልቋል። ስድስት ዓመት የፈጀው ጥረት ተሳክቶ፣ ሴትየዋ አልጋው ላይ እያለች፣ የምንነግራት «ሌላ ቀን ተመለሺ» ሆነ።

እንደ ልማዳችን የሪፈር ወረቀት ሰጥተን ብናሰናብታት ኖሮ ትመለስ ነበር ብዬ አላምንም። በጥርጣሬና በፍርሃት ውስጥ ያለች ሴት በማታውቀው ጤና ጣቢያ እንደገና ከካርድ ክፍል ትጀምር ነበር። ስለዚህ ገና እዚያው ተቀምጣ ሳለች መሣሪያው ወዳለበት አጎራባች ጤና ጣቢያ ተደወለ። የሚያክማት ባለሙያ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ተነገራት፤ ሰዓቱም ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አብራት ልትሄድ ተስማማች። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ታከመች። ሕክምናው ራሱ ቡና ከሚፈላበት ጊዜ ያነሰ ነው። በማግስቱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ምጣዷ ፊት ነበረች፤ ከባድ ጆንያ እንዳታነሣ ስለተነገራት ጤፉን ያወረደላት የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው።

ከሕክምናው በኋላ

ከሕክምናው በኋላ ለአራት ሳምንት ያህል ውኃ መሰል ፈሳሽ ይኖራል፤ ቁስሉ እስኪድንም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ካልተቻለ ኮንዶም መጠቀም ግድ ነው። ብዙ ሴቶች ሕክምናውን የሚፈሩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ ለባል እንዴት ይነገራል? ወይዘሮዋም መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሕመሙ አልነበረም፤ «እሱ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?» ነው ያለችው።

እዚህ ላይ የወቅቱ ምርጫ ባላሰብነው መንገድ ረዳን። ባልና ሚስቱ ሁዳዴን የሚጾሙ ናቸው፤ አራቱ ሳምንት ጾሙ ሳይፈታ አለቀ። ያም ሆኖ ለባለቤቷ እንድትነግረው መከርናት፤ በስልክ ነገረችው። ከመንገድ ሲመለስ ራሱ መጥቶ ጠየቀኝ፦ «እኔስ መመርመር አለብኝ ወይ?» ለወንዶች እንዲህ ያለ መደበኛ ምርመራ እንደሌለ፣ ቫይረሱ ከብዙ ዓመት በፊት ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ማን ከማን እንደያዘ ማወቅ እንደማይቻልና ክርክሩም ዋጋ እንደሌለው ነገርኩት። ይህን ማብራሪያ በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለባሎች መስጠት ጠቃሚ እንደሆነ ያየነው ከዚህ በኋላ ነው። በሁዳዴ ማመቻቸቱን ግን እንደ ዘዴ አልመክረውም፤ ለማይጾሙና የሌላ እምነት ተከታይ ለሆኑ ሴቶች ጉዳዩን በግልጽ ከመነጋገር ሌላ መንገድ የለም።

የአንድ ዓመት ቀጠሮ

የታከመች ሴት ከ12 ወር በኋላ እንደገና መታየት አለባት። ይህን ቀጠሮ ከመርፌዋ ቀን ጋር አያያዝነው። በመካከሉ ግን ወይዘሮዋ በየሦስት ወሩ መመላለሱ ሰልችቷት ወደ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያ ተዛወረች፤ ለእሷ ሥራ በጣም የሚስማማ ምርጫ ነው፣ እኔም ደግፌዋለሁ። ችግሩ ምርመራውን ይዞልን የነበረው የመርፌ ቀን አብሮ መጥፋቱ ነው። የ12 ወር ቀጠሮዋ አለፈ። ያገኘናት አሁንም በአማቷ ቀጠሮ ነው፤ የስኳር ክፍሉ ነርስ በወረቀቱ ላይ ያለውን የቀይ እስክሪብቶ ጽሑፍ አይታ ጠየቀቻት። ከተባለው ጊዜ ሁለት ወር ዘግይታ ታየች። ነጭ ቦታ አልተገኘም፤ ወደ መደበኛው የሦስት ዓመት ቀጠሮ ተመለሰች።

ለሌላ ቦታ የሚጠቅመው

ከዚህ ጉዳይ በኋላ በክፍላችን የተለወጠው ዋናው ነገር ጥያቄው ነው። «ስለ ማህፀን በር ካንሰር ሰምተሻል?» የሚለውን አልተውነውም፤ ቀጥሎ ግን «በዚያ ሰዓት ሥራሽን ማን ይሠራልሻል?» ብለን እንጠይቃለን። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌላት ሴት ቀጠሮ ብትይዝም አትመጣም። መልሱ ጎረቤት፣ እህት፣ የእቁብ ጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ ስም ካልተጠራ ግን መልስ አይደለም።

ምርመራን ሴትየዋ ከማትቀርበት ቀጠሮ ጋር ማያያዝ ብዙ አያስወጣም። ልብ መባል ያለበት ግን ቀጠሮው የራሷ ላይሆን ይችላል። ለራሷ የያዘችውን ስትሰርዝ ለአማቷ ወይም ለልጇ የያዘችውን አትሰርዝም። ይህ መልካም ነገር ነው ለማለት አይደለም፤ እስኪለወጥ ድረስ ግን ካርዶችን በቤተሰብ አያይዞ ማየት ይረዳል። ያያያዝነው ቀጠሮ ሲቀየርም ምርመራው አብሮ እንዳይወድቅ ሁለተኛ ማሰሪያ ያስፈልጋል።

ምርመራ በሚሰጥበት ቀን ጠዋት የማከሚያው መሣሪያ መኖሩንና መሥራቱን ማረጋገጥ አሁን የክፍሉ የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ከሌለ የሚደወልበት ጤና ጣቢያና የባለሙያው ስም በግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የወር አበባ ጥያቄም ከልየታ ክፍሉ ወጥቷል።

ያልተፈታው ብዙ ነው። ይህ መንገድ የሚይዘው በሆነ ምክንያት ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ ሴቶችን ነው። ልጆቿ ያደጉባት፣ የወሊድ መከላከያ የማትጠቀም፣ የምታስታምመው ሰው የሌላት የ46 ዓመት ሴት በየትኛውም ካርዳችን ላይ የለችም። ከ50 ዓመት በላይ ደግሞ የሚመረመረው የማህፀን በር ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ በዓይን የሚደረገው ምርመራ እየደከመ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለእሷ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ፣ በራሷ ቤት ወስዳ የምትልክበት የኤች ፒ ቪ ምርመራ ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት የተሻለ ይሆናል። በእኛ ጤና ጣቢያ ይህ አገልግሎት ገና አልተጀመረም፤ እስከዚያው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን በእድሮች በኩል በዚህ ዕድሜ ያሉትን ሴቶች ስም መመዝገብ ጀምረዋል።